ባለመብቷ በቦታው አልነበሩም

እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ሚዛን ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ሸራ ወጥሬ አንዲት ጠረጴዛና ሁለት ዱካ ይዤ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። የድንበር ክርክር፣ የቀለብ አቤቱታ፣ የጡረታ ጥያቄ፣ ሁሉም በእኔ እጅ አልፏል። ሰው እንደሚያውቀኝ ቁጡ ነኝ። ደንበኛ ነገሩን ከአዳምና ከሔዋን ሲጀምርልኝ "ወደ ፍሬ ነገሩ!" ብዬ እጮሃለሁ። ደግሞ አንድ ምክር አለኝ፤ ለማንም በነጻ እሰጣለሁ። ሳታነቡ አትፈርሙ እላለሁ። ማንበብ የማይችለውን ቁጭ አድርጌ አነብለታለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንድትታዘቡኝ ነው።

የምጽፈው ግን ስለ ራሴ አይደለም። ስለ ጎረቤቴ ስለ ጋሽ ሐዲስ ነው፤ ስለ ሾፌሩ።

ጋሽ ሐዲስ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቷል። መጀመሪያ ከቴፒ ቡና የሚጭን አሮጌ አይሱዙ ነበረው። በኋላ ደግሞ ጨውና ሳሙና ጭኖ ወደ ማጂ መውጣት ጀመረ። ዝናብ በያዘው መንገድ ላይ፣ ጎማው በጭቃ ተውጦ፣ መኪና ሥር ሦስት ቀን ያደረበት ጊዜ አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ የትራፊክ ክስ አልተጻፈበትም። ለማንም ሾፌር የማይታመን ነገር ነው፤ እኔም አላምንም ብዬ ነበር፣ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ እስኪያሳየኝ ድረስ። በፕላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ፣ ዳዊት እንደሚይዝ ሰው ይይዘው ነበር። የሰፈራችን ልጆች ጓደኛቸውን "አንተ ጋሽ ሐዲስ!" ብለው ይሳደባሉ፤ ቀርፋፋ ማለታቸው ነው። በሸዋ ቤንች ከተማ የገበያ ቀን መንገዱን የሞላው ሕዝብ አልፎ እስኪያልቅ ሞተር አጥፍቶ ይቆማል እንጂ ጡሩምባ አይነፋም። ለምን ሲሉት "ሰው ነው እኮ፤ ከብት ነው እንዴ የምነዳው?" ይላል።

ሚስቱ የሺሃረግ የቴፒ ልጅ ናት። በወጣትነቷ እሸት ቡና መረከቢያ ላይ መዛኝ ነበረች። ጋሽ ሐዲስ ሊጭን መጥቶ ወረፋ ሲጠብቅ ሳያውቀው አንድ እግሩን ሚዛኑ ላይ አሳረፈ። እሷም ቀና ብላ "ጌታው፣ ወይ እግርዎን ያንሱ፣ ወይ ከቡናው ጋር አብሬ ልመዝንዎ" አለችው። በዚህ ተጋቡ ማለት ይቻላል። ይህን ታሪክ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሁለቱም ይነግሩ ነበር፤ እሱ ሲነግር እግሩ አልነካም፣ እሷ ስትነግር ሁለቱም እግሮቹ ሚዛኑ ላይ ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ተከራከሩበት።

ከአምስት ዓመት በፊት ስኳር በሽታ የየሺን ግራ እግር ያዘ። መጀመሪያ ጣቷ ሄደ፣ ከዚያ ከጉልበቷ በታች ያለው ሁሉ ተቆረጠ። ቀኝ እግሯም ጉልበት እያጣ መጣ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለች። ሰው እንዲያዝንላት አትፈልግም። ገበያ ሄዳ ጫማ ሻጩን "እኔ ግማሽ ዋጋ ነው የምከፍለው፤ አንዱን ለሌላ ደንበኛ ሽጠው" ስትለው እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። እሷው በሳቅ ሞተች። ጋሽ ሐዲስ ግን አልሳቀም። እሱ በቀልዷ መሳቅ የለመደው ቆይቶ ነው።

የጭነት ሥራውንም ተወ። "ማጂ መንገድ ላይ ተቀርቅሬ ማን ያነሳታል?" አለና ያለችውን ሰብስቦ አንድ አሮጌ ዲኤክስ የቤት መኪና ገዛ። የፊተኛውን ወንበር ፈትቶ ሐዲዱን አስረዝሞ እንደገና ገጠመው፤ ወደ ኋላ እንዲንሸራተት። ከዋንዛ እንጨት አንድ ሳንቃ አስላገ፣ በሳሙና እያሸ አለሰለሰው። አንዱ ጫፍ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ፣ ሌላው ጫፍ መኪናው ወንበር ላይ ያርፋል፤ የሺ በእጆቿ ገፍታ ትሻገራለች። "ድልድዬ" ትለው ነበር ሳንቃውን።

ሰማያዊው ካርድ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የአካል ጉዳተኞች ማኅበሩ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቶ ያስፈቀደው ነው። ፎቶ፣ ማህተምና የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል አለበት፤ መኪናው የፊት መስታወት ላይ ይቀመጣል። ካርዱ ያለው መኪና ማቆም በሚከለከልበት በር ላይም ቢሆን፣ ሆስፒታልም ባንክም ቤተ ክርስቲያንም፣ ባለመብቱ ጉዳዩን እስኪፈጽም መቆም ይችላል። በጀርባው "ባለመብቱ በተሽከርካሪው ሲገለገል ብቻ የሚያገለግል" ይላል። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካርዱ የደረሳት ቀን የሺ አገላብጣ አየችውና "ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ ማንም ባለመብት ያለኝ የለም። እግሬን ስሰጣቸው ሰጡኝ" አለች።

ካርዱን ያበላሸነው እኛው ነን፤ እውነቱን ልናገር። በወጣ በመንፈቁ አንዱ ነጋዴ የአጎቱን ልጅ ካርድ ተውሶ ባንክ በር ላይ ሲያቆም ይውል ጀመር። ሌላዋ ደግሞ የሟች እናቷን ካርድ ሳትመልስ ገበያ ለገበያ ዞረችበት። ስለዚህ ትራፊኮቹ ካርድ ሲያዩ "ባለመብቱን አሳየኝ" ማለት ጀመሩ። አልፈርድባቸውም። ወይም ከዚያ ቀን በፊት አልፈርድባቸውም ነበር።

ታኅሣሥ ዘጠኝ ሮብ ነበር። የሺ ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሽ አጠራት። ጋሽ ሐዲስ ጠራኝና ሳንቃውን ያዝኩለት። ስትሻገር እየታገለች፣ ላብ በግንባሯ ላይ እየወረደ፣ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ።

"ፈንታው፣ ዛሬ ማንን ልትከስ ነው?"

"አንቺን ነዋ እትዬ የሺ። በጠዋት ጎረቤት ስለምትቀሰቅሺ።"

ልትስቅ ሞከረችና ሳል ያዛት። ለእሷ ያልኳት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ሰው አያውቅም። ቢያውቅማ ስንት የሚባል ነገር ነበር።

የቀረውን ከሦስት ሰው ነው የሰማሁት፤ ከራሱ ከጋሽ ሐዲስ፣ ከሆስፒታሉ ዘበኛ ከሙሴ፣ በኋላም ከትራፊኩ ከበላይነህ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነው የነገሩኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ከሳሽ፣ ተከሳሽና ምስክር አንድ ቃል ሲሰጡ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

ጋሽ ሐዲስ መኪናውን ሆስፒታሉ በር ላይ፣ "ማቆም ክልክል ነው" ከሚለው ሥር አቆመ። ካርዱ መስታወቱ ላይ ነበር። እሱና ሙሴ ተጋግዘው አስገቧት። ነርሷ አልጋ ላይ አጋድማ ኦክስጅን ሰካችላት፣ ጋሽ ሐዲስ እጇን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆዩ ሙሴ በበሩ ብቅ አለ።

"ጋሼ፣ ትራፊኩ ታርጋህን እየፈታ ነው።"

ጋሽ ሐዲስ አልተነሳም። የሺን አያት። እሷም አየችው፤ ባሏን ታውቀዋለች፣ መንጃ ፈቃዱን ምን አድርጎ እንደሚይዘው ታውቃለች።

"ሂድ እንጂ" አለችው። "የት እሄድብሃለሁ? እዚሁ አለሁ።"

ሄደ።

በላይነህ ካቻቢቴ ይዞ ከመኪናው ፊት ቁጢጥ ብሏል። የኋላው ታርጋ ተፈቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። የቡና ወቅት ነው፤ መንገዱን አይሱዙ ሞልቶታል፣ ባጃጁ በየቀዳዳው ይሽሎከሎካል፣ የሁሉም ጡሩምባ ይጮሃል። ልጁ ብቻውን ነበር።

"አባቴ፣ እዚህ ማቆም ክልክል መሆኑን አያውቁም?"

ለቀባሪው አረዱት። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳን ሰው!

"ካርዱን አላየኸውም እንዴ ልጄ?"

"ካርዱንማ አይቻለሁ። ባለመብቷ የታሉ?"

"ውስጥ ተኝታለች። ኦክስጅን ላይ ናት።"

"ሁሉም ውስጥ ነው የሚለኝ። ትናንት አንዱ ውስጥ ነው ያለኝን ሰውዬ ገበያ ሙዝ ሲገዛ አገኘሁት።"

"እንግዲያው ና፣ አብረን እንግባና በዓይንህ እያት።"

"ይህን መንገድ ጥዬ የት እገባለሁ? ያዩታል አይደል እንዴት እንደተዘጋ። ቅሬታ ካለዎት ቢሮ ያቅርቡ።"

ጽፎ ሰጠው። ጋሽ ሐዲስ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ክስ ቆሞ አነበበ። ክልክል በሆነ ቦታ ማቆም ይላል። የአካል ጉዳተኛ መለያ ያለአግባብ መጠቀም ይላል። ከሥሩ በበላይነህ እጅ ጽሑፍ "ባለመብቷ በቦታው አልነበሩም" ይላል። ሰዓት፦ አራት ሰዓት ከሃያ።

በሰው ላይ ጡሩምባ የማይነፋው ሰው ያን ጊዜ ጮኸ። ሙሴ እንደነገረኝ ባጃጆቹ እንኳ ቆመው አዩት።

"ነበረች! አለች! ይህን ቃል ሰርዝ። ቅጣቱን እከፍላለሁ፣ ታርጋውንም ውሰድ፤ ይህን ቃል ብቻ ሰርዝልኝ!"

"የተጻፈ ክስ አይሰረዝም አባቴ።"

"አለች እያልኩህ! ሕያው ሰው እንዴት የለም ትላለህ?"

አንዱ ሰርዝ ይላል፣ ሌላው አይሰረዝም ይላል። እንዲህ ሲባባሉ ሙሴ ሁለተኛ መጣ። በዚህኛው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር።

የለቅሶው ድንኳን በእኔና በእነሱ ቤት መካከል ተተከለ። ልጃቸው ሳባ ከምታስተምርበት ከቴፒ በሦስት ሰዓት ውስጥ ደረሰች። ዕድሩ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ብርድ ልብሱን አወጣ። የዕድሩ ጸሐፊ ደግሞ እኔ ነኝ። መሥራት ያለበት ነገር ሲበዛ ማልቀስ ይረሳል፤ እኔም ረሳሁ፣ ላይ ታች እያልኩ በሰው ሁሉ ላይ ስጮህ ዋልኩ።

በማግስቱ በላይነህ መጣ። ዩኒፎርሙን አውልቆ፣ በተራ ጃኬት፣ ድንኳኑ አፍ ላይ ካፊያው እየመታው ቆመ። ሙሴ ነግሮታል። ሳየው ደሜ ፈላ። ላባርረው ብድግ ስል ጋሽ ሐዲስ ከተቀመጠበት እጄን ያዘኝ።

"ተው ፈንታው፤ ለቀስተኛ ነው። ወንበር ስጡት።"

ወንበር ሰጠነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ እስኪመሽ ተቀመጠ።

ያን ቀን ነው እኔ ያን ሥራ የሠራሁት። መኪናው ታርጋ አልባ ሆኖ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሟል፤ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ነውር መሰለኝ። ለቀስተኛ ቢሮ ለቢሮ አይንከራተትም፤ የእሱን ጉዳይ የሚጨርስ ዕድር ነው፤ አባቶቻችን ያቆዩን ወግ ይኸው ነው። ማንንም ሳላማክር ተነሳሁና ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፣ በዕድሩ ስም ቅጣቱን ከፈልኩ። ጸሐፊዋ ቅጽ ዘረጋችልኝ። ከለቅሶ ቤት ንፍሮው አልቋል ብለው ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ስጮህ "እዚህ ጋ ይፈርሙ" አለችኝ፣ ፈረምኩ። ሁለቱን ታርጋ ከለበስኩት ኮት ሥር ይዤ ሄጄ በገዛ እጄ ገጠምኩ፤ ሙሴ ካቻቢቴ አዋሰኝ። መኪናውን በሰው አስነድቼ ግቢ አስገባሁ።

"ጋሽ ሐዲስ፣ የመኪናው ነገር አልቋል። ዕድሩ ጨርሶታል፤ አታስብ" አልኩት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። የሚያየው ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ሳንቃ ነበር። የሰማኝ አይመስለኝም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ፣ ጥሩ ጎረቤት ነኝ ብዬ ነው ወደ ድስቱ የተመለስኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

አርባዋ በወጣ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጋሽ ሐዲስ ሸራዬ ሥር መጣ። ከሁለቱ ዱካዎቼ አንዱ የወዳጅ፣ አንዱ የደንበኛ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ የሚቀመጠው የወዳጁ ላይ ነበር። ያን ቀን የደንበኛው ላይ ተቀመጠ። ከደረት ኪሱ ፕላስቲኩን አወጣ። ከመንጃ ፈቃዱ ጋር የታጠፈው የክስ ወረቀት ነበር።

"አቤቱታ ጻፍልኝ" አለኝ።

"የምን አቤቱታ?"

"ቅጣቱን አይደለም፤ ቅጣቱ ግድ የለኝም። ይችን አንዲት መስመር እንዲያስወጡልኝ ነው።" ጣቱን አስቀመጠባት። "ሃያ ስምንት ዓመት አብራኝ ኖረች። ስለ እሷ በመንግሥት ወረቀት ላይ መጨረሻ የተጻፈው ቃል አልነበሩም የሚል ነው። ነበረች ፈንታው። እዚሁ አለሁ ብላኝ ነው የወጣሁት። በውሸት ትሂድ?"

ያን ጊዜ ያ ፊርማዬ ትዝ አለኝ። ምን ላይ እንደፈረምኩ አላውቅም። አላነበብኩትማ! ግን ሥራዬ ነው፣ ቅጽ አውቃለሁ፤ የቅጣት መክፈያ ቅጽ ከግርጌው ምን እንደሚል ልቤ ነገረኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁ። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ደረሰኝ ብቻ ይሆናል፣ ከባድ ነገር አይሆንም ብዬ ራሴን አታለልኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ብዕሬን አነሳሁና ጻፍኩ።

ማስረጃ ያስፈልጋል ስለው ሆስፒታሉ የሰጠውን የሞት ወረቀት አወጣ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ክሱ የተጻፈው አራት ሰዓት ከሃያ። እሷ ያረፈችው አራት ሰዓት ከሃያ አምስት። ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አሸነፍን! ክሱ ሲጻፍ ሴትዮዋ በሕይወት አልጋዋ ላይ ናት፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የታለ?

ከዚያ ሌላው ነገር ገባኝ። ጋሽ ሐዲስ የክሱን ወረቀት እንደተቀበለ አጥፎ ኪሱ ከትቶ ቢመለስ ኖሮ አምስት ደቂቃ ነበረው። አምስቱን ደቂቃ ሰርዝ ሲል ነው የቆመው።

ቀና ስል ጋሽ ሐዲስ መንገዱን እያየ ነበር።

"አይቼዋለሁ" አለኝ ሳይዞር። "አርባ ቀን ነው ያየሁት። ማስረጃ ነው አይደል? ጻፈው።"

ጻፍኩት።

ሮብ ዕለት አብረን ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሳባ ከቴፒ ደውላ "አባዬ፣ ተወው በቃ፤ እማዬ ብትኖር ትስቅብህ ነበር" ብላዋለች። እሱ ግን የበዓል ኮቱን ለብሶ መጣ። የቅሬታ ሰሚዋ ወይዘሮ ዮሃና ትባላለች፤ ክፉ ሴት አይደለችም። አቤቱታዬን ሁለት ጊዜ አነበበች፣ ሁለቱን ወረቀት አመሳከረች፣ ከዚያ በላይነህን አስጠራች።

"አንተ የጻፍከው ነው?"

"እኔ ነኝ።" ልጁ ወደ ጋሽ ሐዲስ ዞረ። "ነበሩ። ተሳስቻለሁ። በጽሑፍም እሰጣለሁ፣ የፈለጋችሁት ቦታ ቆሜም እናገራለሁ።"

ጋሽ ሐዲስ ራሱን ነቀነቀለት። ከለቅሶው ወዲህ ፊቱ እንደዚያ ሲፈታ አላየሁም። ወይዘሮ ዮሃና ውሳኔውን ልትጽፍበት መዝገቡን አስመጣች፣ ከፈተችው። እኔ ወለሉን አየሁ።

"ውይ" አለች። "ይህ እኮ ተዘግቷል። ቅጣቱ ተከፍሏል።"

"እኔ አልከፈልኩም" አለ ጋሽ ሐዲስ።

"'ጥፋቴን አምኜ ቅጣቱን ከፍያለሁ' ይላል፤ ተፈርሞበታል። ጥፋት የታመነበት ክስ እንደገና አይከፈትም አባቴ። እኔም አለቃዬም አንችልም። ሳይከፍሉ መጥተው ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እሰርዝልዎት ነበር።" መዝገቡን አዞረችለት። "ፊርማው የእርስዎ አይደለም?"

ጋሽ ሐዲስ መነጽሩን አወጣ። ፊርማዬን የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም፤ ስንት ሺህ አቤቱታ ላይ ጅራቷን ጎትታለች።

"የፈንታው ናት" አለ።

በላይነህ እኔን አየኝ፣ ወይዘሮ ዮሃና እኔን አየችኝ።

"ጋሽ ሐዲስ" አልኩ፣ "በለቅሶው ሁለተኛ ቀን... እንዳትንገላታ ብዬ... ሳላነብ..."

ይስደበኝ ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ብሆን ወንበር አነሳ ነበር። እሱ መነጽሩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ለእኔ ብለህ ነው" አለ። "አውቃለሁ።"

ብሰደብ ይሻለኝ ነበር። እስካሁን ያ ቃል ያቃጥለኛል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ያፈሰስኩት እኔ፣ ያመሰገነኝ እሱ። ወይዘሮ ዮሃና እያዘነች በላይነህ ቃሉን በጽሑፍ ቢሰጥም መዝገቡ ውስጥ እንደማይገባ ለጋሽ ሐዲስ ነገረችው። እሷንም አመሰገናት፣ ልጁንም ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ ወጣን።

መኪናው ውስጥ በየሺ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሌላ መቀመጫ የለም፣ ኋላውን ሳንቃው ይዞታል። እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ነዳ። ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ ፍጥነቱን ይበልጥ ቀነሰ። ያ በር፣ ያ ምልክት። እዚያው የሚያቆም መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ሰማያዊውን ካርድ ከመስታወቱ ላይ አነሳ፣ አለፈና መኪና ማቆም እስከሚፈቀድበት እስከ ሙዝ ተራው ድረስ ሄዶ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

"የዕድሩ ማህተም ይዘሃል?"

ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም። አለ አልኩት።

"ወረቀት አውጣ። ለማንም የሚሰጥ አይደለም፤ ለእኔ ነው።"

ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አስተካክዬ ወረቀት ዘረጋሁ። እሱ መሪውን ይዞ፣ ፊት ለፊት እያየ፣ ቃል በቃል አስጻፈኝ።

"ታኅሣሥ ዘጠኝ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ባለመብቷ ወይዘሮ የሺሃረግ በቦታው ነበሩ።"

ጻፍኩ። አራት ነጥብ አስቀምጬ ማህተሙን አወጣሁ።

"አልጨረስኩም" አለኝ። "ጻፍ። ከአራት ሰዓት ከሃያ እስከ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ድረስ ባለቤታቸው አቶ ሐዲስ በቦታው አልነበሩም።"

"ይህንንስ አልጽፍም" አልኩ። እንባዬ መጣ፤ ለየሺ ያላለቀስኩት እንባ ያኔ መጣ። "አልጽፍም ጋሽ ሐዲስ! ሂድ ያለችህ እኮ እሷ ናት!"

ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየኝ።

"ያላጠፋሁትን አምነህ ፈርመህልኛል። ያጠፋሁትን ስነግርህ አልጽፍም ትላለህ?"

ጻፍኩት። ከሥሩ የዕድሩን ማህተም መታሁ፤ ያ ማህተም ከቀብርና ከወንበር ኪራይ በቀር ለምንም ሆኖ አያውቅም። ወረቀቱን ሰጠሁት፣ እስክሪብቶውንም ጨምሬ።

ጋሽ ሐዲስ መነጽሩን አደረገ። ከላይ ጀምሮ እስከ ታች፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ከዚያ ፈረመ።